የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርትን ፍጥነትና ጉልበት ማሳደግ፦ ከፍሬን እስከ ኮንትሮለር

ከአትላንታ በስተደቡብ ፒችትሪ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። ለጎልፍ ካርት (ለጎልፍ ሜዳ ለተሠራችው ትንሽ መኪና)፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት። ሰዉ አስቤዛ የሚገዛው፣ ጎረቤት የሚጠይቀው በካርት ነው። ጆርጂያ ውስጥ ካርት ብርቅ አይደለም። ካርት የሚሠሩት ኩባንያዎች ኢ-ዚ-ጎም ክለብ ካርም መሠረታቸው እዚያው ጆርጂያ፣ ኦገስታ አካባቢ ነው። ከጎልፍ ሜዳ የወጡ ያገለገሉ ካርቶች በየቦታው ይሸጣሉ፤ እኛም አበሾች ገዝተን ግቢያችን ማቆም ከጀመርን ቆየን። ታዲያ ገዝቶ ያመጣ ሰው ሁሉ ከሳምንት በኋላ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ይሄ ነገር ትንሽ አይሮጥም እንዴ?»

ይሮጣል። ግን ቅደም ተከተል አለው። እኔ ቅደም ተከተሉን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የ2005 ክለብ ካር ዲኤስ ነበረኝ፤ ባለ 48 ቮልት። ከሁሉ በፊት የገዛሁት ባለ 22 ኢንች ትልልቅ ጎማ ነበር። ሜዳ ላይ ደስ አለኝ። አራት ሆነን ሰፈራችን ያለውን ዳገት ስንጀምር ግን እያቃሰተ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። ከሥሩ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ጋሼ የምንላቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒክ አሉ፤ ወስጄ አሳየኋቸው። ዳገቱን አልጠየቁኝም። ቁልቁለት ላይ አስነድተውኝ ፍሬን አስያዙኝ። «ልጄ፣ መሮጡን ተወው። መጀመሪያ መቆሙን እንይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸውን ካርቶች ሁሉ የጀመርኩት ከዚያ ነው።

ያላችሁ ካርት ምን ዓይነት ነው?

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ወንበሩን አንሱና ባትሪዎቹን ቁጠሩ። ከዚያ አንዱ ባትሪ ላይ ያሉትን የውሃ ክዳኖች ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክዳን 2 ቮልት ነው። ሦስት ክዳን ያለው 6 ቮልት፣ አራት ያለው 8 ቮልት፣ ስድስት ያለው 12 ቮልት ነው። ስድስት ባለ 6 ቮልት ከሆኑ ካርቱ 36 ቮልት ነው። ስድስት ባለ 8 ቮልት ወይም አራት ባለ 12 ቮልት ከሆኑ ደግሞ 48።

ቀጥሎ ሞተሩን እዩ። አራት የገመድ ማሰሪያዎች አሉት፤ አጠገባቸው ፊደል ተጽፏል። ኤ1፣ ኤ2፣ ኤስ1፣ ኤስ2 የሚል ከሆነና አራቱም ወፍራም ከሆኑ ሞተሩ ሲሪስ ነው። በኤስ ፈንታ ኤፍ1፣ ኤፍ2 የሚል ከሆነና እነዚያ ሁለቱ ቀጭን ገመድ የያዙ ከሆኑ ሴፕኤክስ የሚባለው ነው። ይህን ሳያጣሩ ኮንትሮለር (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሣጥን) መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የአንዱ ኮንትሮለር ለሌላው አይሠራም።

ልዩነቱ የምታሻሽሉበትን መንገድም ይወስናል። ሴፕኤክስ ሞተር ውስጥ በኤፍ1 እና በኤፍ2 የሚያልፈውን ትንሽ ጅረት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ኮንትሮለሩ ራሱ ይመጥነዋል። ያ ጅረት ሲቀንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ሴፕኤክስ ላይ ብዙው ሥራ ኮንትሮለሩን ማስተካከል ነው። ሲሪስ ላይ ግን ፍጥነት በዋናነት የሚመጣው ከቮልቴጅ ነው። ባለ 36 ቮልት ሲሪስ ካርትን ወደ 48 ማሳደግ የታወቀ ሥራ ነው፤ ፍጥነቱ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ታዲያ ኮንትሮለሩም፣ ሶሌኖይዱም (ፔዳል ሲረገጥ ኃይሉን የሚያገናኘው ማብሪያ)፣ ቻርጀሩም አብረው ወደ 48 መለወጥ አለባቸው።

ባትሪውን ሳትመረምሩ ብር አታውጡ

«ካርቴ ደከመ» ብለው የሚያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው አንድ የሞተ ባትሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ሙሉ የሆነ ባለ 48 ቮልት የአሲድ ባትሪ ስብስብ 50.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ባለ 36ቱ 38.2። ባለ 48ቱ 48.4 ካሳያችሁ ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ቻርጀሩ አልሠራም፣ ወይ ባትሪው አርጅቷል።

ቆሞ መለካት ግን ግማሽ መልስ ነው። ዋናው ልኬት ጭነት ላይ ነው። አንድ ሰው ዳገት ላይ ሲነዳ ሌላው እያንዳንዱን ባትሪ ይለካ። ጣቶቻችሁንና ልብሳችሁን ከሚሽከረከር ነገር አርቁ። ባለ 8 ቮልት ከሆኑ፣ አምስቱ 7.6 እያሉ ስድስተኛው 6 ከወረደ ጥፋተኛው እሱ ነው። እሱን ሳትለውጡ ትልቅ ኮንትሮለር ብትገጥሙ ቶሎ ትጨርሱታላችሁ፤ የበለጠ ጅረት ስለሚስብ።

ውሃቸውንም እዩ። የጎደለውን በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ሙሉ፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ጋራዡን ክፈቱ፤ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ።

ፍሬኑ

አብዛኞቹ ካርቶች ፍሬናቸው በኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው፤ ታምቡርና ሸራ፣ በሽቦ የሚጎተት። ይህ የተሠራው ሣር ላይ በሰዓት 12 ወይም 15 ማይል ለሚሄድ ካርት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ15 ማይል እና በ25 ማይል መካከል ያለውን አስሉት። 25ን ለ15 አካፍሉ፤ ውጤቱን በራሱ አባዙ። 2.8 ገደማ ይመጣል። ቀድሞ 5 ሜትር ላይ ይቆም የነበረው ካርት አሁን 14 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። በመካከሉ ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅ ሊኖር ይችላል።

የኋላውን በክሪክ አንሱ፤ የፊቱን ጎማ በእንጨት አስደግፉ። ጎማውንና ታምቡሩን አውጡ። ሸራው ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው ለውጡ። ሽቦው ከዛገና ከከረረ እሱንም ለውጡ። ሁለቱም ጎማ እኩል መያዙን አረጋግጡ። ከ20 ማይል በላይ ልትነዱ ካሰባችሁ ደግሞ የፊት ጎማ ዲስክ ፍሬን ኪት ግዙ። ጥቅሙ ከትልቅ ጎማ ጋር አይወዳደርም። እኔ በግሌ ልጆች የሚጫኑበትን ካርት ያለ ፊት ፍሬን አላፈጥንም።

መሪውንም ወዝውዙት። ልል ከሆነ፣ የፊት ጎማ ቡሎኖቹም ከላሉ፣ ሳታስተካክሉ ወደ ፊት አትሂዱ።

ፍጥነት ነው የምትፈልጉት ወይስ ጉልበት?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ይበላል። ሰፈራችሁ ሜዳ ከሆነና ሁለት ሰው ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ፍጥነት ይበቃችኋል። ዳገት ካለ፣ የኋላ ወንበር ጨምራችሁ ስድስት ሰው የምትጭኑ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጉልበት ያስፈልጋል። ጉልበት የሚመጣው ከአምፔር ነው። አምፔር የሚመጣው ከኮንትሮለር፣ ከጤነኛ ባትሪና ከወፍራም ገመድ ነው። ጎማ ጉልበት አይሰጥም፤ ይወስዳል።

ቁጥሩን ላሳያችሁ። የእኔ ካርት ከፋብሪካ ሲወጣ ኮንትሮለሩ 250 አምፔር ነበር። 48 ሲባዛ በ250፣ 12 ኪሎዋት። ባለ 400 አምፔር ስገጥምበት 19.2 ኪሎዋት ሆነ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ዳገቱም ያው ዳገት። ልዩነቱን ግን እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ታውቁታላችሁ።

ገመዱን አወፍሩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። የፋብሪካው ገመድ ብዙ ጊዜ 6 ጌጅ ነው፤ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ካሬ። የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል። በካርቱ ውስጥ በጠቅላላው 4 ሜትር ገመድ አለ እንበል። 300 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ450 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል ማለት ነው። ይህ የትንሽ ምድጃ ሙቀት ነው። በ2 ጌጅ ስትለውጡት ብክነቱ ከ200 ዋት በታች ይወርዳል።

እስከ 400 አምፔር ለሆነ ሥራ 4 ጌጅ ይበቃል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ 2 ጌጅ ነው የምገጥመው። ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኘውን ብቻ ሳይሆን ወደ ሞተር የሚሄደውንም ለውጡ። ጫፎቹ በመዶሻ ሳይሆን በመጨመቂያ መሣሪያ የተጨመቁ ይሁኑ። የላላ ጫፍ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የባትሪውን እርሳስ ያቀልጣል። ያልኩት በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሲሪስ ካርት ላይ ሌላ ነገር አለ። የወደ ፊትና የወደ ኋላ መቀየሪያው ላይ ያ ሁሉ ጅረት ያልፋል። የድሮው ለትልቅ ጅረት ስላልተሠራ ይቃጠላል። ከኮንትሮለሩ ጋር አብሮ በጠንካራው ይለወጥ።

ሶሌኖይድና ኮንትሮለር፦ አገጣጠሙ

ሶሌኖይድ ማለት ፔዳል ስትረግጡ «ቀጭ» የሚለው ትልቁ ማብሪያ ነው። ለምትገጥሙት ኮንትሮለር አምፔር የሚሆን መሆን አለበት፤ ለ400 አምፔር ኮንትሮለር 400 አምፔር የሚችል ሶሌኖይድ ግዙ። ከአምፔሩ ሌላ ቮልቴጁንም እዩ።

ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። መነጽር አድርጉ። የመፍቻችሁን እጀታ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልሉ። መፍቻ ሁለት የባትሪ ጫፍ ካገናኘ ይቀልጣል፣ ይፈነጥራል፣ ባትሪም ሊፈነዳ ይችላል። አጠገባችሁ ቤኪንግ ሶዳና ውሃ ይኑር፤ አሲድ ቢፈስ ያመክነዋል።

1. ቁልፉን አጥፉ። ካርቱ «ቶው» (መጎተቻ) እና «ረን» (መንጃ) የሚል ማብሪያ ካለው ወደ ቶው አድርጉት።
2. ዋናውን ኔጋቲቭ ገመድ ከባትሪው ፍቱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ኮንትሮለሩ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል አለ፤ ባትሪ ቢፈታም ወዲያው አይጠፋም።
3. ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ከሦስት አቅጣጫ። እያንዳንዱን ገመድ በወረቀት ቴፕ ምልክት አድርጉበት። ይህ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ሙሉ ቅዳሜ ያተርፍላችኋል።
4. አሮጌውን ሶሌኖይድ አውጡ። በሁለቱ ትልልቅ ጫፎች መካከል ሬዚስተር፣ በሁለቱ ትንንሾች መካከል ዳዮድ ታገኛላችሁ።
5. አዲሱ ላይ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጡ። ሬዚስተሩ ሶሌኖይዱ ከመዘጋቱ በፊት ኮንትሮለሩን ቀስ ብሎ ይሞላዋል። ከሌለ በየረገጣው ብልጭታ ይፈጠራል፤ ውሎ አድሮ ማገናኛው ይጣበቃል። ዳዮዱ ደግሞ አቅጣጫ አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ይቃጠላል።
6. አዲሱን ኮንትሮለር የብረት ሳህኑ ላይ በደንብ አስቀምጡ። ከሥሩ ጭቃና ዝገት አይኑር። ሙቀቱን የሚያወጣው በዚያ ነው።
7. በፎቶው መሠረት ገመዶቹን መልሱ። ኮንትሮለሩ ላይ ቢ ፕላስ፣ ቢ ማይነስ እና ኤም ማይነስ የሚሉ ጽሑፎች አሉ። ቢ ፕላስና ቢ ማይነስን ያቀያየረ ሰው አዲሱን ኮንትሮለር በአንድ ሰከንድ ያጣዋል። ሁለት ጊዜ እዩ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ያይላችሁ።
8. የባትሪ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ በልኩ አጥብቁ። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ይነቀላል።
9. ኔጋቲቩን በመጨረሻ ግጠሙ። ማብሪያውን ወደ ረን መልሱ።

አሁን የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና ቀስ ብላችሁ ፔዳሉን ንኩ። ወደ ፊት ስትሉ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ስትሉ ወደ ኋላ ይዙሩ። ሞተሩ ሲሪስ ከሆነ ግን አደራ፣ ጎማው ተነስቶ እያለ ሙሉ ፔዳል አትርገጡ። ሲሪስ ሞተር ጭነት ከሌለው ማቆሚያ የለውም፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይበታትናል።

እንደ ኦልትራክስ ያሉ ኮንትሮለሮች በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛሉ። ስትገቡበት ብዙ ቁጥር ታያላችሁ። ለጊዜው ሦስቱ ይበቁአችኋል። አንደኛው የአነሳስ ፍጥነት ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ካርቱ ሲነሳ ኋላ የተቀመጠው ሰው ወደ ኋላ መወርወር የለበትም። ሁለተኛው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። ለባለ 48 የአሲድ ባትሪ 42 ቮልት አድርጉት፤ ከዚያ በታች መንዳት ባትሪ ይገድላል። ሦስተኛው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። እሱን ገና አትንኩት።

ጎማና ማርሽ

ጎማ አሁን ነው የሚመጣው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አዲሱን የጎማ ቁመት ለአሮጌው አካፍሉ። 22 ለ18 ሲካፈል 1.22 ነው። በሰዓት 14 ማይል ይሄድ የነበረው የእኔ ካርት 17 ደረሰ። ነገር ግን መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው መጠን ቀነሰ። ጎማ ለብቻው የሚያታልለው በዚህ ነው። 400 አምፔሩ ከገባ በኋላ ግን ያው ጎማ ያንን ዳገት አራት ሰው ጭኖ ወጣው።

ወደ 20 ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ ብዙ ካርቶች ላይ ሳይነካ ይገባል። 22 እና ከዚያ በላይ ግን የካርቱን አካል ከፍ የሚያደርግ ኪት ይፈልጋል፤ አለበለዚያ መሪ ስታዞሩ ጎማው አካሉን ይፈገፍጋል። ከፍ ያለ ካርት ደግሞ በቀላሉ ይገለበጣል። ኩርባ ላይ ይህን አትርሱ።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ማርሽ መለወጥም ይቻላል። የክለብ ካር 12.28 ለ1፣ የኢ-ዚ-ጎ 12.44 ለ1 ነው። ፈጣን የሚባሉት 8 ለ1 እና 6 ለ1 ናቸው። 6 ለ1 ፍጥነቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ጉልበቱን ግን በግማሽ ይቀንሰዋል። ባልተለወጠ ሞተር፣ ዳገት ባለበት ሰፈር፣ አልመክርም። ትልቅ ጎማና ፈጣን ማርሽ አንድ ላይማ በጭራሽ።

ሊቲየም ባትሪ ላስገባ?

ብር ካለ አዎ። ስድስት ባለ 8 ቮልት የአሲድ ባትሪ ወደ 170 ኪሎ ይመዝናል። በእነሱ ፈንታ የሚገባው ባለ 51.2 ቮልት ሊቲየም ብዙ ጊዜ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሰው ከካርቱ እንደ ማውረድ ቁጠሩት። ዳገት ላይ ቮልቴጁም ብዙ አይወርድም። ፍሬኑም ይቀለዋል።

ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው ጠባቂ ስንት አምፔር ይችላል? ኮንትሮለራችሁ 400 እየጠየቀ ባትሪው 200 ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ዳገቱ መሃል ላይ ድንገት ይጠፋል። ሻጩ «100 አምፔር ሰዓት ነው» ካላችሁ ያ መልስ አይደለም፤ እሱ መጠኑን እንጂ የሚሰጠውን ጅረት አይናገርም። ቻርጀሩም የሊቲየም ይሁን። በ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ ባለ 48 ቮልት ክለብ ካሮች ላይ ደግሞ ቻርጀሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ወደ ሊቲየም ስትቀይሩ መታለፍ አለበት።

ሕጉ

በአሜሪካ ፌደራል ደንብ ከ1998 ጀምሮ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ እስከ 25 ማይል የሚሄድ ትንሽ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ጎልፍ ካርት መሆኑ ይቀራል። ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ተሽከርካሪ ይባላል። የፊትና የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ የኋላ ማያ መስታወት፣ የፊት መስታወት፣ የእጅ ፍሬንና የደህንነት ቀበቶ ይጠየቃል። ምዝገባና ኢንሹራንሱ እንደየግዛቱ ይለያያል። ብዙ ሰው የሚያርፍበት ጥሩ ቦታ 19 ማይል ነው። እኔም እዚያው ነው ያቆምኩት። ለሰፈር ውስጥ መንገድ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን

ብቻችሁን ጀምሩ። ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ። በሰዓት 10 ማይል ሄዳችሁ ፍሬን ያዙ፤ ከዚያ በ15። የሚቆምበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉ፤ ያኔ ርቀቱን በግምት ሳይሆን በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ። ካርቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ነው ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን ከፍተኛ ፍጥነት በትንሽ በትንሹ የምታሳድጉት።

ከዚያ ዳገቱን ውጡ። እንደወጣችሁ አቁሙና ቁልፉን አጥፉ። እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ገመዶቹ፣ ወደ ሶሌኖይዱና ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ርካሽ የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ካላችሁ የተሻለ ነው። አንዱ የገመድ ጫፍ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ እዚያ ጋ ማሰሪያው ላልቷል። ሞተሩ የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ አምፔሩን ቀንሱ። እስኪበርድ ድረስ ዳገቱን አትድገሙት።

ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ወንበሩን አንሱ። ዋናውን ኔጋቲቭ ፍቱና እያንዳንዱን ዳዶ በመፍቻ ሞክሩ። የጎማ ቡሎኖቹንም። አዲስ ገመድና አዲስ ጎማ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላሉ።